የቀለጠ ፎርማጆና ቋሊማ በባሕር ዳር፦ ጥሩ እጅ፣ የሚያመልጥ ሙቀት

ባሕር ዳር ላይ ምግብ ቤት የሚገባ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው አሳ ነው፤ ቀረሶው ተጠብሶ፣ አምባዛው በጉላሽ ተሠርቶ፣ ሐይቁን እያዩ መብላት የከተማዋ ወግ ነው። ስለዚህ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ አንድ ቤት የምግብ ዝርዝር ላይ «ኬሶ ፉንዲዶ ከቾሪሶ ጋር»፣ ማለትም የቀለጠ ፎርማጆ ከቋሊማ ጋር፣ የሚል መስመር ሲያጋጥመው፣ ብዙ ሰው ዐይኑን አሻግሮ ወደ ጥብሱ መውረዱ አያስደንቅም። ይህን የምጽፈው ግን ያ መስመር ሊታለፍ የማይገባው ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ምግቡ በአብዛኛው ጥሩ ነው፤ ቋሊማው ከጥሩም በላይ ነው፤ የሚጎድለው ሙቀት ነው፤ እርሱም ከምድጃው የሚጠፋ ሳይሆን ከማድ ቤቱ በር እስከ ገበታው ባለው መንገድ ላይ የሚያመልጥ ሙቀት ነው። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው ቤቱ ገና በመደራጀት ላይ ስለሆነና ነቀፌታዬ ለማስተካከያ እንጂ ለገበያው እንቅፋት እንዲሆን ስለማልሻ ነው፤ የከተማው ሰው እንደሆነ ከገለጻዬ ሳይለየው አይቀርም።

ኬሶ ፉንዲዶ የሰሜን ሜክሲኮና ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር የሚያዋስነው የድንበር አካባቢ ምግብ ነው። ቺዋዋ፣ ሶኖራ፣ ኮዋዊላና ኑዌቮ ሌዮን የተባሉት ግዛቶች ከብት የሚረባባቸውና ከበቆሎው ጎን ስንዴም በብዛት የሚበላባቸው አገሮች ናቸው፤ ሰው ከሰል አቀጣጥሎ ሥጋ ለመጥበስ ሲሰበሰብ፣ ዋናው ሥጋ እስኪደርስ ድረስ በጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን ላይ ፎርማጆ ተከምሮ ከእሳቱ ላይ ወይም ከምድጃ ውስጥ ይቀልጣል፤ ቀድሞ የተጠበሰው ቾሪሶም ይበተንበታል። ሁሉም ከአንዱ ሳህን ቶርቲያ በተባለው ስስ ቂጣ እየጠቀለለ ይጎርሳል፤ ይህ ደግሞ በመሶብ ዙሪያ ላደገ ሰው ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። ቾሪሶው በእሳት ተለብልቦ በተላጠ የፖብላኖ ቃሪያ ወይም በእንጉዳይ የሚተካበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ቤቶች በተመጋቢው ፊት ተኪላ የተባለውን አረቄ አፍስሰውበት እሳት ይለኩሱበታል፤ ይኸኛውን ኬሶ ፍላሜያዶ ይሉታል። ከትርኢትነቱ አልፎ ለጣዕሙ የሚጨምረው እምብዛም ስለማይታየኝ፣ የባሕር ዳሩ ቤት ነገ ከነገ ወዲያ በዳግም አረቄ ልሞክረው ቢል እኔ አልደግፈውም። በቴክሳስ ከሚዘወተረው፣ በፋብሪካ ከተቀነባበረ ፎርማጆ ቀጥኖ ከሚሠራው ማጥቀሻ ጋርም ሊምታታ አይገባም፤ ያ ይፈስሳል፤ ይህ ግን ይሳባል፣ ሲነሣ ክር ያወጣል፣ ክሩም እስኪበጠስ ድረስ ጎራሹን ያስጠብቀዋል።

«ይህ የሩቅ አገር ምግብ በጎጃም ቁሳቁስ ተሠርቶ ያው ምግብ ይባላልን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱን ከራሱ ከምግቡ ታሪክ እናገኘዋለን። ላምም አሳማም ለሜክሲኮ ባዕድ ነበሩ፤ ስፔኖች በ16ኛው መቶ ዘመን ይዘዋቸው እስኪገቡ ድረስ በዚያ ምድር የሚታለብ ከብት ስላልነበረ ፎርማጆ የሚባል ነገርም አልነበረም። ለዚህ ምግብ ከሚመረጡት ፎርማጆዎች አንዱ የሆነውን የቺዋዋን ፎርማጆ ስመ ጥር ያደረጉት ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ከካናዳ ፈልሰው በዚያ የሰፈሩ ሜኖናይት የተባሉ ፕሮቴስታንት ገበሬዎች ናቸው። በአንጻሩ በርበሬ የዚያ አህጉር ተወላጅ ነው፤ ወደ እኛ ደርሶ የወጣችን መታወቂያ የሆነውም አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ ከተሻገሩ በኋላ ነው። እንግዲህ ምግቡ ገና ከጥንስሱ ከየአቅጣጫው በመጣ ነገር የተሠራ ከሆነ፣ የጎጃም በርበሬና የጎጃም በሬ ቢገባበት ባለቤቱ የሚቀየም አይመስለኝም። ሊጠበቅ የሚገባው ቋሊማው በርበሬና ኮምጣጤ እንዲቀምስ፣ ፎርማጆው እንዲሳብ፣ ሁለቱም ትኩስ እንዲሆኑ ነው።

ከቋሊማው ልጀምር፤ የቤቱ ሙያ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና። የስፔን ቾሪሶ በጨውና በቀይ በርበሬ ተቀምሞ፣ ቆይቶ የሚደርቅና ተቆራርጦ የሚበላ ነው። የሜክሲኮው ግን ጥሬ ነው፤ የተከተፈ ሥጋ በደረቀ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙን፣ በኦሬጋኖና በኮምጣጤ ይታሻል፤ ሊበላ ሲል ከአንጀቱ ወጥቶ ፍርፍር እስኪል ድረስ በራሱ ስብ ይጠበሳል። በአገሩ ዋናው ሥጋ የአሳማ ነው። ያ በጎጃም የማይሆን ነገር ስለሆነ ቤቱ በበሬ ሥጋ ተክቶታል፤ የበሬ ቾሪሶ በሜክሲኮም የሚሠራ ስለሆነ በዚህ ረገድ የሚያሳፍረው ነገር የለም። የሚያሳፍረው ይህን በምግብ ዝርዝሩ ላይ አለመጻፉ ነው። አንድ ቀን ከአጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት አስተናጋጇን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይኸ ቾሪሶ የምትሉት የምን ሥጋ ነው?» ብለው ጠየቋት። «የበሬ ነው አባባ፤ አሳማ እዚህ ቤት ደጁንም አይረግጥ» አለቻቸው፤ እርሳቸው ግን ፊቷን ጥቂት ካዩ በኋላ፣ «ይሁን፤ ለማንኛውም ጥብስ አምጪልኝ» ብለው ዝርዝሩን አጠፉት። «የበሬ ሥጋ» የሚሉ ሁለት ቃላት ተጽፈው ቢሆን ኖሮ ቤቱ አንድ ደንበኛ ባላጣ ነበር፤ የማይጠይቁትንና ዝም ብለው የሚያልፉትን ማን ይቆጥራቸዋል?

ባለሙያዋ አሠራሩን እንዳይ ወደ ማድ ቤት እንድዘልቅ ስለፈቀደችልኝ ሙያዋን በቅርብ ለማየት ቻልሁ። በርበሬው የቡሬ ዛላ ነው፤ በምዕራብ ጎጃም ቡሬና ጃቢ ጠህናን በበርበሬ የታወቁ ስለሆነ እዚህ ላይ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ዛላውን ሰንጥቃ ፍሬውን ታራግፋለች፤ ቆዳውን በብረት ምጣድ ላይ ሽታው እስኪነሣ ብቻ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ታወጣዋለች፤ ከዚያ በሙቅ ውሃ ነክራ ካለሰለሰችው በኋላ ከነጭ ሽንኩርትና ከአቼቶ ጋር ትፈጨዋለች። ፍሬው መውጣቱ ትልቅ ጥበብ ነው። በሜክሲኮ ለቾሪሶ የሚመረጡት አንቾና ጓሂዮ የተባሉት በርበሬዎች ከማቃጠል ይልቅ ቀለምና ጣፈጥ ያለ ጣዕም የሚሰጡ ናቸው፤ የእኛው ዛላ ፍሬው ከነጩ ሥሩ ጋር ሲወጣለት ግማሽ ኃይሉ ይሄድና ወደዚያው ይጠጋል። የተቀመመውን የወጥ በርበሬ ለምን እንዳልተጠቀመችበት ስጠይቃት፣ «ኮረሪማና አዝሙድ ከገባበትማ ጋሼ፣ ምንቸት አብሽ ሠራሁ ማለት ነው» አለችኝ። ልክ ናት፤ በሌላ ከተማ ያንኑ ስሕተት የሠራ ቤት ገጥሞኝ ያቀረበልኝ ነገር ፎርማጆ የፈሰሰበት ምንቸት አብሽ ነበር፤ ለብቻው ቢሆን ይበላ ነበር።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ኮሰረቷ ነው። የሜክሲኮ ኦሬጋኖ ከአውሮፓው ኦሬጋኖ ጋር ስሙ እንጂ ዘሩ አይገናኝም፤ ሊፒያ ከተባለው የዕፅዋት ወገን ነው። ቅቤ የምናነጥርበትና ክትፎ የምናጣፍጥበት ኮሰረትም የዚያው የሊፒያ ወገን ነው። ባለሙያዋ ይህን ከመጽሐፍ ያገኘችው አይመስለኝም፤ በአፍንጫዋ ነው የደረሰችበት። ከሱቅ የመጣውን የደረቀ ኦሬጋኖ ከኮሰረት ጎን አድርጋ ስታሸት ኮሰረቱ ስለበለጠባት ሌላውን ትታዋለች። ውጤቱ በምላስ ላይ በግልጽ ይታወቃል፦ መጀመሪያ የኮምጣጤው መጎምዘዝ፣ ቀጥሎ የበርበሬው ጣፋጭነት፣ መጨረሻ ላይ ከስቡ ጋር ተያይዞ የሚመጣ የኮሰረት ሽታ። ሥጋው በመፍጫ ሳይሆን በቢላ የተከተፈ ስለሆነ ጥርስ የሚይዘው ነገር አለው፤ አንድ ሌሊት ማደሩም ቅመሙን እስከ ውስጡ አድርሶታል። እንዲህ ያለ ቋሊማ ያለፎርማጆ፣ በእንቁላል ብቻ ቁርስ ላይ ቢቀርብ እጅ ያስቆረጥማል፤ ለምን እንደማይቀርብ አልገባኝም።

አንዲት እንከን አለችበት፤ እርሷም ወደ ዋናው ጉዳይ ታደርሰናለች። የበሬ ሥጋው ስብ እንዲኖረው ሞራ ተጨምሮበታል። የአሳማ ስብ በሰው አፍ ሙቀት አካባቢ ይቀልጣል፤ የበሬ ሞራ ግን ለመቅለጥ ከዚያ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ ለመርጋትም አይዘገይም። ስለዚህ ይህ ቋሊማ በትኩስነቱ የሚያምረውን ያህል፣ ሲበርድ እንደ አደረ የበግ ወጥ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። የሞራውን ግማሽ በጥቂት ዘይት መተካት ወይም ከፍርምባው ስብ መቀላቀል ችግሩን የሚያቃልለው ይመስለኛል። ነገር ግን ዋናው መፍትሔ ምግቡ እንዳይበርድ ማድረግ ነው።

ወደ ፎርማጆው እንለፍ። ብዙ ሰው «ፎርማጆው ከመርካቶ ሳይመጣ፣ ምግቡ በአገራችን አይብ አይሠራም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔም ስጠየቅ ሰምቻለሁ፤ መልሱ አይሠራም ነው። አይባችን ቅቤው ከወጣለት አሬራ በኮምጣጣነቱና በእሳት ኃይል የሚረጋ ነው። በዚህ መንገድ የረጋ አይብ ውስጥ ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ የተያያዙበት መንገድ በሙቀት የሚላላ ስላልሆነ፣ ብረት ድስት ላይ ቢጣድ ውሃውን እየለቀቀ ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። የሚቀልጡት ፎርማጆዎች ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ወይም እርሱን በሚመስል እርሾ የረጉ ናቸው፤ በእነርሱ ውስጥ ስቡንና ውሃውን አቅፎ የያዘው ኬዚን የተባለ የፕሮቲን መረብ ሙቀት ሲያገኝ ይላላል፣ ይፈስሳል፣ ይሳባል። ስቡ በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል፤ መረቡ ራሱ የሚላላው ግን እንደ ፎርማጆው ዓይነት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እዚህ ላይ አይቡን ማናናቄ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ቤቱ ለብ ያለ አይብ በጎን ቢያቀርብ ለሚያቃጥለው ሰው ከእርሱ የተሻለ ማብረጃ አይገኝም።

ቤቱ የሚጠቀመው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ፕሮቮሎኔና ሞዛሬላ ቀላቅሎ ነው። ምርጫው አስተዋይነት አለው። በሜክሲኮ ለዚህ ምግብ ከቺዋዋው ሌላ የሚመረጠው ኦአሃካ የተባለው ግዛት ኬሲዮ፣ እርጎው በሙቅ ውሃ ታሽቶ እየተሳበ ክር የሚደረግና እንደ ልቃቂት የሚጠቀለል ፎርማጆ ነው፤ ሞዛሬላና ፕሮቮሎኔም በዚያው በመሳብ ዘዴ የሚሠሩ ስለሆኑ ባሕርያቸው ይቀራረባል። ሞዛሬላው ክሩን፣ ፕሮቮሎኔው ጣዕሙን ይሰጣል። መጠኑን በተመለከተ ግን ሞዛሬላው በዝቶ ጣዕሙ የሚለዝብበት ቀን አጋጥሞኛል፤ ያ ቀን የፕሮቮሎኔ እጥረት የነበረበት ሳይሆን አይቀርም። የዓቢይ ጾም 55 ቀናት ሲገቡ የወተት ተዋጽኦ ገበያ እንደሚቀዘቅዝ የታወቀ ነው፤ ከፋሲካ ማግሥት ባሉት ቀናት ይህን የሚያዝዝ ሰው ፎርማጆው ከጾሙ በፊት ገብቶ የከረመ አለመሆኑን ቢጠይቅ ክፋት የለውም።

እንግዲህ ሙቀቱ። ከማድ ቤት ሲወጣ ባየሁት ጊዜ ምግቡ ማለፊያ ነበር፤ ጠርዙ ወርቃማ ሆኖ፣ መካከሉ እየተንፈቀፈቀ፣ የቋሊማው ቀይ ዘይት በየስርጉዱ ተጠራቅሞ። ነገር ግን ከብረት ድስቱ ወደ ነጭ ሳህን ይገለበጣል፤ ሳህኑ ከመደርደሪያ የወረደ ቀዝቃዛ ነው፤ ማድ ቤቱ ከጓሮ፣ ገበታው ከዛፍ ሥር፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ በመካከል ነው። ገበታዬ ላይ ሲደርስ መንፈቅፈቁ ቆሟል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉርሻዎች ክር ያወጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ፎርማጆው ይጠነክርና በአንድ ጎን ሲሳብ ሁሉም ተያይዞ ይነሣል፤ ቀዩ ዘይት ረግቶ ከላዩ ይነጣል። አስተናጋጇ ይህን ታውቃለች፤ ስታስቀምጠው፣ «ቶሎ ቶሎ ይበሉ ጋሼ፣ ይበርዳል» ትላለች። ደንበኛን ማስቸኮል ግን መፍትሔ አይደለም፤ ይህ ምግብ ለጨዋታ የተሠራ ምግብ ነው፤ ሰው እያወራ፣ እያረፈ፣ እንደገና እየቆረሰ ሊበላው ይገባል። ተመልሶ ቢሞቅም አይድንም፤ ቤቱ አንዴ በጎ አስቦ ወደ ምድጃው መልሶልኝ ነበር፤ በኃይለኛ እሳት ሁለተኛ የተመታ ፎርማጆ መረቡ ይጨማደድና ስቡን ይተፋል፤ ወደ ገበታዬ የተመለሰው በዘይት ላይ የተንሳፈፈ እንክብል ነበር።

የሚገርመው መድኃኒቱ በዚያው ቤት፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ መኖሩ ነው። ሸክላ ጥብስ የሚያቀርቡበት፣ ከሥሩ ፍም የሚይዘው ሸክላ ለዚህ ምግብ የተፈጠረ ይመስላል፤ ሜክሲኮዎቹም በጠፍጣፋ ሸክላ የሚሠሩት ያለምክንያት አይደለም፤ ሸክላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ የያዘውን ሙቀትም ቶሎ አይለቅም። ባለሙያዋን፣ «በሸክላው ብትሠሪልኝስ?» ብዬ ለመንኋት፤ መጀመሪያ ፎርማጆው እንዳይጣበቅባት ፈርታ ነበር። ሸክላውን በከሰል ላይ አስቀድማ አሙቃ፣ በቋሊማው ዘይት አሸችው፤ የተፈቀፈቀውን ፎርማጆ በላዩ በትና፣ መቅለጥ ሲጀምር ቋሊማውን ጨመረችበት፤ ከሥሩም ሁለት ሦስት ፍም ብቻ ትታ ላከችው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። እስከ መጨረሻዋ ጉርሻ ድረስ ክር አወጣ፤ ሞራው አልረጋም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥሩ ላይ ቀስ በቀስ ቡናማ ቅርፊት ሠራ፤ ያንን ቅርፊት በቂጣ ፈቅፍቆ ማንሣት የምግቡ ሁሉ ቁንጮ ሆኖ አገኘሁት። ፍሙ ከበዛ ግን ያው መጨማደድ ይመጣልና ከሸክላ ጥብሱ ያነሰ ፍም እንደሚበቃው ልብ ማለት ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስን በመሰለ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ይህን ምግብ ማታ ማታ ለማቅረብ የሚያስብ ካለ ደግሞ ያለ ሸክላው ባይጀምረው ይሻለዋል።

ቤቱ ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እንዲህ አያቀርበውም? አስተዳዳሪው የሰጠው መልስ ሸክላዎቹ ጥቂት ስለሆኑና ቅዳሜና እሑድ ጥብስ ስለሚበዛባቸው ነው የሚል ነበር። ምክንያቱ ምክንያት ነው፤ ሆኖም ሸክላ ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ ዕቃ አይደለም፤ በገበያ ቀን ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ሄዶ ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ አድርጎ ማዘዝ ይቻላል። ስለ አንድ የሸክላ ዕቃ ይህን ያህል መጻፌ ሊበዛ ይችላል፤ ነገር ግን የቋሊማውን ልፋት ሁሉ ቀዝቃዛ ሳህን ሲበላው ማየት ያንገበግባል።

ማባያው ቂጣ ነው። የሰሜን ሜክሲኮው ቶርቲያ ከስንዴ ዱቄት፣ ከስብ፣ ከጨውና ከውሃ ብቻ፣ ያለ እርሾ የሚሠራ ስስ ነገር ስለሆነ፣ የስንዴ ቂጣ የማያውቅ የጎጃም ማድ ቤት ስለሌለ፣ እዚህ ላይ የሚያስቸግር ነገር ሊኖር አይገባም ነበር። የቤቱ ቂጣ ጣዕሙ ጥሩ ቢሆንም ወፍራም ነው፤ አንዱን የበላ ሰው ጠግቦ ፎርማጆውን ይተዋል። በግማሽ ቢሳሳና በጨርቅ ተጠቅልሎ በአገልግል ቢቀርብ ይበቃል። ሜጫና ቡሬ የበቆሎ አገር ሆነው ሳለ ስለምን የበቆሎ ቶርቲያ አልተሠራም የሚል ሰውም አጋጥሞኛል። ሜክሲኮዎች በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለውና አሳድረው፣ ልጣጩን አጥበው ነው የሚፈጩት፤ ሊጡ እንዲያያዝና ሲጠቀለል እንዳይሰበር የሚያደርገው ያ ነው። እንዲሁ የተፈጨ የበቆሎ ዱቄት ቂጣው ሲታጠፍ ይፈረካከሳል፤ ስለዚህ ቤቱ ስንዴ መምረጡ ትክክል ነው፤ ለሰሜኑ ወግም የሚቀርበው እርሱ ነው።

እንጀራ የሚጠይቁም አሉ፤ አስተናጋጆቹ ትንሽ ፈገግ ይላሉ እንጂ ያመጣሉ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ትኩስ እንጀራ አይሆንም፤ እንፋሎቱ ያለሰልሰውና የፎርማጆው ክር ይቀድደዋል። ያደረ፣ በምጣድ ላይ ጥቂት ደረቅ ያለ የጤፍ እንጀራ ግን ኮምጣጣነቱ ስቡን ይቆርጠዋል፤ ዐይኑም ቀዩን ዘይት ይይዛል። ሜክሲኮዊ ቢያየው ምን እንደሚል ባላውቅም፣ ከወፍራሙ ቂጣ እርሱን እመርጣለሁ።

ከጎን የሚመጣው የቲማቲም፣ የሽንኩርት፣ የቃሪያና የድንብላል ቅጠል ክትፍ በሎሚ የታሸ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ትንሿ ሎሚያችን በሜክሲኮ ገበታ ላይ የማትጠፋዋ ሎሚ ዘመድ ስለሆነች ጣዕሙ ቦታውን አግኝቷል። የተፈጨው አቮካዶ ግን ጨው ያንሰዋል። ከመጠጥ፣ በረዶ የሆነ ቢራ ያዘዙ ሰዎች ሞራውን በገዛ አፋቸው ውስጥ ያረጉታልና አልመክርም፤ ጠጅም ከዚህ ሁሉ ስብ ጋር ይከብዳል፤ በረዶ ያልበዛበት አምቦ ውሃ ከሎሚ ጋር ይስማማዋል።

መስተንግዶው ትሑትና ፈጣን ነው፤ እጅ ማስታጠቢያው እስከ ገበታው ይመጣል፤ ስለምግቡ ለጠየቀ ሰው የሚመልሱት ነገር አላቸው። ዋጋው ከአንድ ሸክላ ጥብስ ከፍ ይላል፤ ፎርማጆው የሚመጣበትን ርቀት ላሰበ ሰው የተጋነነ አይደለም፤ መጠኑም ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ለብቻ የሚያዝዘው ሰው ግማሹን ቀዝቅዞ ስለሚያገኘው ለሁለት መሄድ ይሻላል። ሥጋም ወተትም ያለበት ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት አይሠራም፤ በበዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕና ዓርብም ስለሚበላ ቤቱ ሳይጨናነቅ በሥራ ቀን ለመሄድ ያ ወቅት ይመረጣል። ሲያዝዙ «በሸክላ ይሁንልኝ፤ ፍሙም ይነስ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ቅዳሜ ማታ ከሆነ ሸክላው በጥብስ ስለሚያዝ ቀን ላይ ደውሎ ማስያዝ፣ ቂጣውንም ሳሳ ያለውን እንዲጋግሩ ማሳሰብ ነው።